የትኛው 98?

ዝርዝሩን የጻፍኩት በአስቤዛ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ፔንቲየም ቱ 400፣ ቢኤክስ ማዘርቦርድ፣ 128 ሜጋ ራም፣ ሁለት ቩዱ ቱ፣ ሳውንድ ብላስተር፣ ባለ 17 ኢንች ሆዳም ሞኒተር፣ ዊንዶውስ 98። ባለቤቴ አነበበችው። ገልብጣ የሽንኩርቱንም ዋጋ አየች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ሁሉ ተገዝቶ ምን ሊሠራ ነው?»

«ጌም ልጫወትበት።»

«ስልክህ ላይ ጌም የለም እንዴ?»

አለ። እንዲያውም ይሄ ማሽን የሚያጫውተውን ጌም ሁሉ የዛሬ ርካሽ ላፕቶፕ ሳይሞቀው ሳይበርደው ያጫውተዋል። ይህን እያወቅኩ ገንዘብ ለምን እንደምበትን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ። አልተሳካልኝም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

የድሮ ኮምፒውተር መገጣጠም የሚወዱ ሰዎች አሉ። ከነሱ መሀል ጥብቅ የሆኑት አንድ ሕግ አላቸው። ዓመት ትመርጣለህ፤ ከዚያ ዓመት በኋላ የወጣ እቃ ማሽኑ ውስጥ አይገባም። ፕሮሰሰሩ የ1998 ከሆነ ካርዱም፣ ሞኒተሩም፣ ሶፍትዌሩም ከ1998 ማለፍ የለበትም። ልክ እንደ ጾም ነው። ሥጋውን መተው ቀላል ነው። አንዴ ከገባህበት ግን የብስኩቱን ማሸጊያ ገልብጠህ ወተት እንዳለበት ማንበብ ትጀምራለህ። እኔም የካርዶችን ጀርባ እየገለበጥኩ የተሠሩበትን ሳምንት ማንበብ ጀመርኩ። ቺፖቹ ላይ ተጽፏል። 9823 ካለ በ1998 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የመረጥኩት ዓመት 1998 ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ለምን 98? ለጌም ወዳድ ዓመቱ ድግስ ነበር። በፌብሩዋሪ ቩዱ ቱ የሚባለው የጌም ካርድ ወጣ። በኤፕሪል ኢንቴል ፔንቲየም ቱ 350ን እና 400ን ቢኤክስ ከሚባለው ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች ከሚያገናኙት ቺፖች) ጋር ለቀቀ። በሜይ አንሪል የተባለው ጌም መጣ። በጁን 25 ዊንዶውስ 98። በኦገስት ሴሌሮን 300ኤ። በኖቬምበር ሀፍ ላይፍ። ይሄ ሁሉ በአንድ ዓመት ነው።

ስለ ቢኤክስ ትንሽ ላውራ። ምሰሶው እሱ ነው። ከሱ በፊት በኢንቴል ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ 66 ሜጋኸርዝ ነበር። ቢኤክስ 100 አደረሰው። እኔን ግን የሚያስደስቱኝ መሰኪያዎቹ ናቸው። ረጃጅሞቹ ጥቁሮች አይኤስኤ ናቸው፤ ከ80ዎቹ ጀምሮ ለነበሩ ካርዶች። ነጫጮቹ ፒሲአይ። አንዷ ቡናማ ደግሞ ኤጂፒ፤ ያኔ አዲስ ለነበረው የስክሪን ካርድ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ገበታ። ጥቂት ዓመት ቆይተህ ብትመጣ አያትየው ከገበታው ተነስቷል፤ የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ጌም በትክክል የሚያስጮኹት የድምፅ ካርዶች አብረውት ሄደዋል። ጥቂት ዓመት ቀድመህ ብትመጣ ኤጂፒው አልተወለደም።

ፕሮሰሰሩ ላይ ልቤ ተከፍሎ ነበር። ፔንቲየም ቱ እንደ ሴጋ ካሴት ቆሞ የሚሰካ ጥቁር ሳጥን ነው። ውስጡ ከዋናው ቺፕ ጎን 512 ኪሎባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገውን የሚያስቀምጥበት ፈጣን ማከማቻ) አለው፤ ካሹ ግን የሚሮጠው በፕሮሰሰሩ ግማሽ ፍጥነት ነው። ኢንቴል ለዝቅተኛው ገበያ ብሎ ሴሌሮንን ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹን ያለዚህ ካሽ ለቀቃቸው። መሳቂያ ሆኑ። ከዚያ በኦገስት 300ኤ መጣ። 128 ኪሎባይት ብቻ፤ ግን ቺፑ ውስጥ፣ በሙሉ ፍጥነት። ሰዎች መንገዱን ከ66 ወደ 100 ሲቀይሩለት ባለ 300ው ርካሽ ፕሮሰሰር 450 ሆኖ ቁጭ አለ። ብዙዎቹ ምንም ሳይሉ ቻሉት። አቢት ቢኤች6 የሚባለው ማዘርቦርድ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ጃምፐሮች (ትንንሽ መሰኪያዎች) ሳታነካካ ከባዮስ፣ ማሽኑ ሲነሳ ከሚከፈተው ማስተካከያ ውስጥ ያስቀይርሃል። ዝቅ ብሎ የተሸጠ እቃ ውዱን ሲያሳፍረው ማየት ደስ ይላል። ግን ዝርዝሬ ላይ ፔንቲየም ቱ 400 ብዬ ስለጻፍኩ እሱኑ ገዛሁ። ያኔ ገና ዝርዝሩን አምነው ነበር።

ቩዱ ቱ ለብቻዋ ወሬ አላት። ካርዷ ስሪዲ እንጂ ሌላ ነገር አታውቅም። ዴስክቶፕ ማሳየት አትችልም። ስለዚህ ሌላ ተራ የስክሪን ካርድ ያስፈልግሃል። ከሱ አጭር ኬብል ወጥቶ ቩዱዋ ውስጥ ይገባል፤ ሞኒተሩ የሚሰካው ቩዱዋ ላይ ነው። ጌሙ ሲከፈት መስመሩን ትረከባለች፤ ሲዘጋ ትመልሳለች። ሁለት ካለህ ደግሞ በጥብጣብ ኬብል ታያይዛቸዋለህ። አንዷ አንዱን መስመር፣ ሌላዋ ቀጣዩን፣ ልክ እንደ ማኅሌት ግራና ቀኝ እየተቀባበሉ ስክሪኑን ይሥሉታል። አንዷ ብቻዋን ከ800 በ600 አታልፍም፤ ሁለቱ ተጋግዘው 1024 በ768 ይደርሳሉ። በጊዜው ባለ 12 ሜጋዋ አንዷ ወደ 300 ዶላር ነበረች። ለጌም ብቻ 600 ዶላር እንግዲህ። የሠራት ስሪዲኤፍኤክስ ግን ብዙ አልቆየም። በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለተፎካካሪው ለኢንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። እነዚያ ሁለት ካርዶች የሚያያዙበት ኤስኤልአይ የሚባለው ስም እንኳ በ2004 ከኢንቪዲያ ጋር ተመልሶ መጣ፤ ስሙ ያው ሆኖ አሠራሩ ሌላ ነው።

እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ የድሮ እቃ ይገኛል። ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ ይገኛል። ሁለቱን ቩዱዎች ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። ሞኒተሩ ከሁሉም ከበደኝ። የመጀመሪያው በፖስታ መጣ፤ ሳጥኑን ስነቀንቀው ውስጡ የተሰበረ ብርጭቆ ድምፅ አለ። ሁለተኛውን ለማምጣት ሁለት ሰዓት ነዳሁ። አንድ ሽማግሌ ምድር ቤታቸው አስቀምጠውት ኖሯል። ሳይሞክሩት አልሸጥም አሉ። ሰክተው፣ አሙቀው፣ ቀለሙን አሳይተው ሰጡኝ። ኪቦርዱንና ማውሱንም በነፃ ውሰድ አሉኝ። ኪቦርዱን ወሰድኩ። ማውሱ ቆሽሾ ስለነበር ተውኩት።

ሞኒተሩ ለምን የግድ ሆነ? የዶስ ጌሞች ብዙዎቹ የተሣሉት በ320 በ200 ነው። ይህን ነጥብ በነጥብ ብትቆጥረው ሰፊ ሥዕል ነው፤ የድሮው ሞኒተር ግን ወደ ላይ ጎትቶ ስክሪኑን ሙሉ ይሞላዋል። ሠዓሊዎቹም የሣሉት ይህን እያዩ ነው። ጠፍጣፋ ሞኒተር ላይ እንዳለ ከተለቀቀ ክብ የነበረው ጨረቃ እንቁላል ይሆናል። ሌላም አለ። የድሮው ሞኒተር ነጥቦቹን ትንሽ ያዋህዳቸዋል። ሹል የነበረው ለስለስ ይላል። ደግሞ ስታበራው «ዝዝም» ብሎ አየሩን ነዘር ያደርገዋል፤ ክንድህን ስታስጠጋ ፀጉርህ ይቆማል። እሱን የሚያስመስል ፊልተር እስካሁን አላየሁም።

ሁሉም ተሟልቶ አንድ ቅዳሜ ማታ አስነሳሁት። አንሪል በ1024 በ768 ተከፈተ። ውኃው ያበራል፤ ግድግዳው ለስላሳ ነው። አንድም መንተባተብ የለም። ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ለወንድሜ ላክሁለት። ከሥሩ «የ98 ማሽን!» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው ደወለ።

«የትኛው 98?»

«እንዴት የትኛው? 98 ነዋ።»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የነበረው መቼ ነው?»

እዚህ ላይ ነው ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር የምትመጣው። አባዬ ኮምፒውተር ይዞ የመጣው በ1998 ነው። በኛው 1998፤ በፈረንጆቹ 2005 መጨረሻ ላይ። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ማሽኖቹን በጨረታ ሸጦ አባዬ አንዷን አሸነፈ። ማሽኗ የተሠራችው በፈረንጆቹ 1998 ነበር። ስለዚህ የነሱን 98 ማሽን እኛ በኛ 98 ነው ያገኘነው። ሰባት ዓመት ዘግይታ፣ ግን ስሟን ሳትቀይር።

እኔ 12 ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ 16። እማዬ በጥልፍ ዳንቴል ሸፈነቻት። በሰፈሩ እንደሚባለው እኛም ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ነበር የምንለው። ከዲቫይደር ወደ ስታብላይዘር፣ ከስታብላይዘር ወደ ሲፒዩ። መብራት ሲሄድ ሦስታችንም እኩል «ውይ!» እንላለን፤ እማዬም ጭምር፣ ሳታስበው።

ያቺ ማሽን ከዝርዝሬ ጋር የምትጋራው ከስሟ በቀር ጥቂት ነው። ሴሌሮን ነበረች። ራሟ 32 ሜጋ። ማዘርቦርዱ ላይ የተለጠፈ የኤቲአይ ሬጅ ስክሪን ቺፕ ነበራት፤ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ። የቢሮ እቃ ስለሆነች የድምፅ ካርድ የላትም። «ጢጥ» ከማለት በቀር ድምፅ አታውቅም። አንድ ፒያሳ ጠባብ ሱቅ የነበረው ጠጋኝ የድምፅ ካርድ ሸጠልን። ሳጥን የለው፣ ሲዲ የለው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። «ሳውንድ ብላስተር ነው» አለን። አልነበረም። ጥቁሩ ቺፕ ላይ በትልቁ ኢኤስኤስ ይላል። ለዓመታት ተታለልን ብለን ስንስቅ ኖረናል።

እዚህ ላይ ጠጋኙን ይቅርታ ልጠይቀው እወዳለሁ። እኔ ለአዲሱ ማሽን የገዛሁት እውነተኛ ሳውንድ ብላስተር፣ ኤደብልዩኢ64 የሚባለውን ነው። የ1996 ካርድ ነው፤ ስሙ ያስፈራል። ነገር ግን የዶስ ጌም ሙዚቃ በአብዛኛው የተሠራው ለያማሃው ኦፒኤል3 ቺፕ ነው፤ ይህ ካርድ ደግሞ የያማሃውን ቺፕ ትቶ የራሱን አስመሳይ ነው የያዘው። ጆሮ ላለው ሰው ትንሽ ይሻክራል። በአንጻሩ ያ ርካሹ የኢኤስኤስ ካርድ የራሱ የሆነ የድምፅ መሥሪያ አለው፤ ከዶስ ጌሞች ጋር ጥሩ ይስማማል። ዛሬ እሱን ፈልገው የሚገዙ የዶስ ጌም አፍቃሪዎች አሉ። ባለ ትልቅ ስሙን አውጥቼ በ15 ዶላር አንድ ኢኤስኤስ ገዛሁ። ይሄኛውም ያለ ሳጥን መጣ።

ከወንድሜ ጋር ያንን ስልክ ካወራን በኋላ ዝርዝሩ መፍረስ ጀመረ።

ግራፊክሱን እንውሰድ። ኩዌክ የሚባለውን የተኩስ ጌም የተጫወትነው ያለ ቩዱ ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ነበር ሁሉንም የሚሥለው። እንዲፈጥንልን የስክሪኑን ነጥቦች ብዛት እስከ መጨረሻው እንቀንሰው ነበር፤ ነጥቦቹ የጤፍ ፍሬ መሆናቸው ቀርቶ ባቄላ ያክሉ ነበር። ጭራቅ ከሩቅ ሲመጣ አራት ቡናማ ባቄላ ነው። ሲቀርብ ሃያ። የምንፈራው ለዚያ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ በደንብ አይታይም። ቩዱ ላይ ያው ጭራቅ ለስልሶ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይመጣል። አሁን እነዚያን ሁሉ ካርዶች ገዝቼ ኩዌክን የምከፍተው ያለ እነሱ ነው። ባለቤቴ ይህን አልነገርኳትም።

ሙዚቃው ደግሞ አለ። ኩዌክ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ልክ እንደ ዘፈን ሲዲ ከራሱ ሲዲ ላይ ነው። ከሲዲ ድራይቩ ጀርባ ቀጭን የድምፅ ኬብል ወጥታ የድምፅ ካርዱ ላይ ትሰካለች፤ ሙዚቃው የሚያልፈው በሷ ነው። በኛ ሰፈር ደግሞ ጌም የሚሸጠው ተገልብጦ ነው። አንድ ሲዲ ላይ አስር ጌም እንዲገባ ሙዚቃውና ፊልሙ ይቀነሳል። ስለዚህ ኩዌክ ለኛ የጸጥታ ጌም ነበር። የራስህ ኮቴ፣ የበር መንቀጥቀጥ፣ ከሩቅ የሆነ ነገር ማቃሰት። ሙዚቃ እንዳለው የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነው። ኦሪጅናሉን ሲዲ ገዝቼ ኬብሏን ሰክቼ አስነሳሁት። ክፍሉ በሆነ ከባድ ጉርምርምታ ተሞላ። የድምፅ ካርዱ የተበላሸ መስሎኝ ድምፁን ቀነስኩ። ለወንድሜ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «ሙዚቃ ነበረው?» አለኝ። አሁን ስጫወት ኬብሏን እነቅላታለሁ።

ዊንዶውሱም እንዲሁ። በጥብቁ ሕግ ከሄድን ዊንዶውስ 98 ሰከንድ ኤዲሽን አይገባም፤ የወጣው በ1999 ነው። እኛ ቤት የነበረው ግን እሱ ነው። ሲዲው ነጭ፣ ቁልፉ በማርከር የተጻፈበት። በፈረንጆቹ 98 ኃጢአት፤ በኛ 98 ግን ሁሉም ሰው ቤት ያለ። ገባ። ራሙን ወደ 64 አወረድኩት። 32 ላድርገው ብዬ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩ ፋታ ሲያጣ አሳዘነኝ።

ሃርድ ዲስክ ላይ ብዙ ሰው የሚመክረው ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን የካሜራ ሚሞሪ ካርድ በአስማሚ መሰካት ነው። ትክክል ነው። የሃያ ምናምን ዓመት ዲስክ ነገ ይሙት ዛሬ አይታወቅም። ሰክቼ ሞከርኩት። ማሽኑ ፈጠነ፤ ግን ዝም አለ። ያ «ክርክርክር» የለም። ልጅ ሆነን ጌም መከፈት አለመከፈቱን የምናውቀው በጆሮ ነበር። ክርክሩ ረጅም ከሆነ እየመጣ ነው፤ ከቆመ ማሽኑ ደርቋል፣ ሪሴት። ወንድሜ ከሌላ ክፍል ሆኖ «ደረቀብህ!» ይለኝ ነበር። የዲስክ ድምፅ እያስመሰለ ጠቅ ጠቅ የሚል ትንሽ ሰሌዳ የሚሸጡ ሰዎችም አሉ። እዚያ ድረስ እንኳ አልሄድኩም። ባለ 4.3 ጊጋ የኳንተም ፋየርቦል ዲስክ አገኘሁ። ግልባጩን ፍላሽ ካርዱ ላይ አስቀምጬ ዲስኩን እስኪሞት እጠቀምበታለሁ።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ሳልቀልድ ላውራ። የድሮዎቹ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች፤ 115 ወይም 230 ትላለች። ጎረቤታችን ለነበረ ልጅ አክስቱ ከአሜሪካ ኮምፒውተር ላከችለት። ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ ሰኩት። «ቧ!» የሚል ድምፅ፣ ጭስ፣ የተቃጠለ ዓሣ ሽታ። ልጁ አለቀሰ። ማብሪያዋ 115 ላይ ስትሆን ሰፕላዩ የገባውን መብራት በእጥፍ ያሳድገዋል፤ የአሜሪካው መብራት ዝቅ ያለ ስለሆነ። የኛው 220 ጫፉ ወደ 310 ይደርሳል፤ ያ ሲታጠፍ ውስጡ ከ600 ቮልት በላይ ይሆናል። ውስጡ ያሉት መብራት የሚያጠራቅሙ ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ነው የሚችሉት። አንድ ጥፍር የምታክል ማብሪያ። እኔ ዛሬም ቨርጂኒያ ሆኜ ማንኛውንም ሰፕላይ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። እዚህ በተቃራኒው ብትሳሳት ማሽኑ ከመነሳት እምቢ ከማለት በቀር ምንም አይሆንም፤ ግን እጄ ራሱ ይሄድባታል።

አዲስ ሰፕላይ ለምን አልገዛህም የሚል አይጠፋም። ይቻላል። ግን የዛሬዎቹ ጉልበታቸው ያለው 12 ቮልት ላይ ነው፤ የ98 ማሽን በብዛት የሚበላው 5ን እና 3.3ን ነው። አንዳንድ የአይኤስኤ ካርድ የሚፈልገው ኔጌቲቭ 5 ቮልት ደግሞ አዲሶቹ ላይ የለም። የድሮውን ይዤ ካፓሲተሮቹን አስቀየርኩ። ራሳችሁ ለመክፈት አትሞክሩ፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ የቀረው ይመታል።

ኬዙ ቢጫ ሆኗል። በኬሚካልና በፀሐይ የሚያነጡት አሉ። እኔ አልነካሁትም።

አንድ ያላሰብኩት ነገር ደግሞ አማርኛ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያ ማሽን ላይ ብከፍተው የሚያሳየኝ የሳጥን መዓት ነው። በዚያን ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የላቲኑን ፊደል ቦታ ይዘው ነበር አማርኛ የሚጽፉት። ፎንቱ ከሌለህ «ለክቡር» ብሎ የሚጀምረው ማመልከቻ የነጥብ፣ የሰረዝና የተቆለመመ ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይመጣል። አባዬ ማሽኗን የገዛው እኮ ለዚህ ነበር፤ ማመልከቻ ለመጻፍ። እኛ ነን ሌላ ሥራ ያስያዝናት። በሱ ፍላሽ ላይ ከቆዩ ፋይሎች አንዱን ወንድሜ ልኮልኝ ማሽኑ ላይ ከፈትኩት። ምንም አይነበብም። ግን የት ጋ ስሙን እንደጻፈ፣ የት ጋ «ከሠላምታ ጋር» እንዳለ ከመስመሩ አቀማመጥ ያስታውቃል።

በዚያው 98 ሰኔ ላይ የጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ነበር። ቀን ቴሌቪዥን እናያለን፤ ማታ ኮምፒውተር ላይ እንጫወታለን። የነበረን ጌም ግን የፈረንሳዩ፣ የፈረንጆቹ 98 የዓለም ዋንጫ ነው። ሐምሌ 2 ቀን ዚዳን በፍጻሜው በቀይ ካርድ ወጣ። በሲፒዩአችን ውስጥ ደግሞ ገና ዋንጫውን አላነሳም ነበር። ወንድሜ ማሽኑን አስነስቶ ፈረንሳይን መረጠ። ጣልያንን አራት ለባዶ ገረፋት። ሰፈሩ ያዘነውን ያህል እኛ ቤት ተጨፈረ።

አንደኛዋን ቩዱ ሸጥኳት። ሁለቱ አብረው የቆዩት ሦስት ሳምንት ነው። አንዷን አስቀረሁ፤ ሰው ሲመጣ የማሳየው ነገር ያስፈልገኛል። ፔንቲየም ቱውም ሄዶ ሴሌሮን ገባ፤ በ300ው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

ባለፈው እሑድ ለወንድሜ በቪዲዮ ደወልኩለት። ካሜራውን ወደ ማሽኑ አዞርኩለት። ሃርድ ዲስኩ ሲንኮራኮር ሰምቶ «በስመ አብ!» አለ። የድምፅ ካርዱን አሳየሁት፤ ሳቀ። ኩዌክን ከፈትኩለት፤ ባቄላዎቹን አያቸው።

«እስቲ ማውሱን ገልብጠው» አለኝ።

ገለበጥኩት። ቀይ መብራት በራ።

«ኳሱስ?»

«በ98 እኮ ባለ መብራቱ ነበር። በኛ 98።»

«ሰው ቤት ነበር። እኛ ቤት ባለ ኳሱ ነው። ኳሱ ሲጠፋ ከትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ማን ነበር የሚያመጣልህ?»

እሱ ነበር። በጥፍሬ ከውስጥ የምፍቀው ጥቁር እድፍ ትዝ አለኝ። የሽማግሌው ማውስም ትዝ አለኝ። በማግስቱ ደወልኩላቸው። አላስታወሱኝም፤ ሞኒተሩን ሳነሳ ግን አስታወሱ። ማውሱ አሁንም እዚያው ምድር ቤት ነው አሉኝ፣ በነፃ ነው፣ ና ውሰደው። ሁለት ሰዓት እንደምነዳ ስነግራቸው ቆይ ልየው ብለው ወረዱ። የደረጃው ድምፅ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

ማውሱ አለ። ኳሱ ግን የለም።

ወንድሜ ጋ መልሼ ደወልኩ።